ምዕራፍ 5፦ ለሕፃናት የጻፉ ሰዎች

ለሕፃናት ተብሎ የታተመ መጽሐፍ በኢትዮጵያ ያለው ዕድሜ አጭር ነው፤ ለሕፃናት የተነገረው ተረትና የተዜመው ግጥም ግን ከማተሚያ ቤቶች ሁሉ አስቀድሞ፣ ከብራናው ጽሕፈት ጎን ለጎን፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ስለዚህ የሕፃናትን ደራስያንና ባለ ቅኔዎች ሕይወት ለማወቅ የሚሻ ሰው ምርመራውን በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ከሚያገኘው ስም ብቻ ቢጀምር፣ ስማቸው በየትም ያልተጻፈ እናቶችንና አያቶችን፣ እረኞችንና የቆሎ ተማሪዎችን ወደ ኋላ ትቶ፣ የነገሩን እኩሌታ ሳያይ ይቀራል። ስማቸው የተጻፈላቸውንም ቢሆን ኑሯቸውን ስንመረምር አንድ ነገር ደጋግሞ ይገጥመናል፤ ይኸውም ከመካከላቸው የሕፃናት ደራሲ እሆናለሁ ብሎ የተነሣ፣ እንጀራውንም ከዚህ ሥራ ብቻ ያገኘ ሰው እምብዛም አለመኖሩ፣ ነገር ግን አንዷ ከባርነት፣ አንዱ ከግዞት፣ ሌላውም ከተውኔት መድረክ ተነሥቶ፣ በልጅነቱ ያገኘውን ወይም በልጅነቱ ያጣውን ነገር ለሌሎች ልጆች ለመስጠት ሲል ወደዚህ አገልግሎት መድረሱ ነው።

መካነ ኢየሱስ በእስቴ ምድር፣ ከጉና ተራራ በስተደቡብ፣ ወደ ዐባይ በሚያዘነብለው አገር ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ከእርሷ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ የስማዳና የጋይንት አገር ይገኛል። ነገራችንን ከዚህ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐተ ትምህርት ታላቅ ክብር ካላቸው የዜማ ማስመስከሪያ ጉባኤያት ሁለቱ፣ የድጓው ቤተ ልሔምና የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ፣ በጋይንት ይገኛሉና። ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግራይ ሳይቀር ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ መንደር ለመንደር የሚያልፈውን ተማሪ ሲያይ ያደገ የዚህ አገር ልጅ፣ መጽሐፍ ከመግለጡ አስቀድሞ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ዜማና ቃል ሰው ቤቱን ትቶ፣ ረኀብን ታግሦ፣ ውሻ እየጮኸበት አገር ለአገር የሚዞርለት ታላቅ ሥራ መሆኑን ያውቃል።

ዙር አምባ ቅዱስ ያሬድ ገብቶ ያስተማረበት ቦታ እንደ ሆነ በትውፊት ይነገራል። የያሬድም ዜና ሕይወት፣ በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን በሚከበረው በዓሉ የሚነበበው፣ በአገራችን ለሕፃናት ከተነገሩት የደራሲ ታሪኮች ሁሉ ቀዳሚው ሳይሆን አይቀርም። በ6ኛው ምዕት ዓመት በአክሱም የነበረው ይህ ብላቴና፣ አባቱ ሞቶበት ለዘመዱ ለአባ ጌዴዎን ለትምህርት ተሰጥቶ፣ ትምህርቱ አልገባው ብሎ፣ መምህሩ ቢገርፈው ጠፍቶ ሄደ፤ በመንገድም ከዛፍ ሥር ተጠግቶ ሳለ፣ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲሞክር፣ ደጋግሞም ሲወድቅ፣ በመጨረሻም ተሳክቶለት ከፍሬው ሲደርስ ተመልክቶ፣ በራሱ ላይ ፈርዶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። የኔታ ዘንድ ተቀምጦ ፊደል አልለይ ያለው ሕፃን ይህን ዜና የሚሰማው ስለ አንድ የሩቅ ዘመን ቅዱስ እንደሚነገር ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሱ የተነገረ ያህል ነው። የብዙ አገር ባለ ቅኔዎች ዜና ሕይወት ሲጻፍ ደራሲው ገና በጨቅላነቱ ከእኩዮቹ ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ይቀርባል፤ የእኛ አባቶች ግን የዜማቸውን አባት ከሁሉ ያነሰ ተማሪ አድርገው ለልጆቻቸው ማቅረባቸው፣ የሕፃንን ልብ ምን ያህል ያውቁ እንደ ነበር የሚመሰክር ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። በአብነት ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፊደልንና አቡጊዳን፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን ተምሮ የንባብ ትምህርቱን የሚፈጽመው በዳዊት ነው፤ ዳዊት የደገመ ልጅ ወላጆቹ ደስ ብሏቸው ለመምህሩም ለጓደኞቹም ድግስ ያወጡለት ነበር። የኢትዮጵያ መዝሙረ ዳዊት ደግሞ በመቶ ኀምሳ መዝሙራት አይቆምም፤ በ151ኛው መዝሙር ነቢዩ ስለ ልጅነቱ፣ ከወንድሞቹ ሁሉ ታናሽ ሆኖ የአባቱን በጎች ይጠብቅ ስለ ነበረበት ዘመን፣ በእጆቹም መሰንቆ ስለ መሥራቱ ይናገራል። እንግዲህ በጉና ግርጌ በጎቹን ሲጠብቅ ውሎ ማታ በዳዊት ላይ የሚጎነበስ ሕፃን፣ መዝሙራቱን ሲጨርስ በመጨረሻው መዝሙር የሚያገኘው እንደ እርሱ እረኛ የነበረ ባለ ቅኔን ነው። ስለ ሕፃናት ሥነ ጽሑፍ የሚመራመሩ ሰዎች ይህን መዝሙር ሳያስተውሉ ማለፋቸው ያሳዝነኛል።

ልጁም ሰሚ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ነሐሴ 13 ቀን፣ በደብረ ታቦር በዓል፣ ጅራፍ እያጮኹ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት ልጆች አውራጅና ተቀባይ አላቸው፤ አውራጁም የቤቱን አባወራና እመቤት እያየ፣ ለእያንዳንዱ ደጃፍ የሚስማማ ስንኝ እዚያው ፈጥሮ ካላወጣ ሙልሙሉ አይወርድለትም። ይህ የቃል ግጥም የመጀመሪያው ጉባኤ ነው። ወደ ቅኔ ቤት የሚገባው ልጅ ደግሞ የሚጀምረው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ወደ ባለ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ ተሻግሮ፣ ሙሉ ቀን ከሰው ተለይቶ በየቁጥቋጦው ሥር ቅኔ ሲቆጥር ውሎ፣ ማታ ለመምህሩ እየነገረና እየታረመ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ባለ ስምንት ቤት መወድስ ለመዝረፍ ይበቃል። ከዚህ ትምህርት የሚወጣው ሰው ቃልን በሰምና በወርቅ መሸፈን የለመደ ነው፤ በኋላ ለሕፃናት ለመጻፍ የተነሡት የእኛ ደራስያን ከሁሉ ይልቅ የተቸገሩበት ነገር፣ ይህን የተሸፈነ ጥበብ ሳያቃልሉ መግለጡ እንደ ነበር ወደ ፊት እንመለከታለን።

የደቡብ ጎንደር ልጆች ሁሉ የሚያውቁት ሌላ ሊቅ ደግሞ አለቃ ገብረ ሐና ናቸው። በፎገራ ተወልደው፣ በቅኔና በአቋቋም ከሊቃውንት ሁሉ ልቀው፣ በልጃቸው በተክሌ ስም የሚጠራውን አቋቋም ለደብረ ታቦር ያተረፉት እኒህ ሰው፣ ለሕፃናት ብለው የጻፉት ነገር የለም። ነገር ግን የጨዋታቸው ወሬ በልጆች አፍ ገብቶ፣ ሌላው ሰው የፈጠረውም ሁሉ በስማቸው እየተነገረ፣ ራሳቸው ተረት ሆነው ቀርተዋል። ሊቅነታቸውን ከጨዋታቸው ጋር አብሮ ለልጆች የሚነግር መጽሐፍ ቢጻፍላቸው ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ታተመው መጽሐፍ እንምጣ። እዚህ ላይ ቆም ብለን በሰፊው ልንነግረው የሚገባን የአስቴር ጋኖ ሕይወት ነው። አስቴር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1872 ገደማ በኦሮሞ ምድር ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው በባርነት ተይዘው፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1886 ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በባሕር ሲወሰዱ፣ የኢጣልያ መርከብ ባሮቹን የጫነውን ጀልባ ይዛ ነጻ አወጣቻቸው። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ወዳለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያም እርሳቸውን የመሰለ ዕድል የገጠማቸው ሰው ነበሩ፤ ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ተሽጠው፣ በምጽዋ ነጻ ወጥተው፣ ተምረው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጎም የተነሡ ነበሩ። የኦሮሞን አገር በልጅነታቸው ስለ ተለዩ ለትርጉሙ የሚበቃ የሕዝብ አነጋገር ቢያጥራቸው፣ የአስቴርን የቋንቋ ስጦታ አይተው ረዳታቸው አደረጓቸው። አስቴር በትዝታቸው ያለውንና ከጓደኞቻቸው የሰሙትን አምስት መቶ የሚያህል ተረት፣ ምሳሌ፣ እንቆቅልሽና ዘፈን እየለቀሙ ጻፉ፤ ከዚህም ብዙው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1894 በምንኩሉ በታተመው፣ በግእዝ ፊደል በተጻፈው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1899 ለታተመውም የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የእርሳቸው ድካም ብዙ ነው።

ይህን ታሪክ ሳስብ ዘወትር የሚመጣልኝ ኤዞፕ ነው። የግሪክ ትውፊት እንደሚለው የዓለም ሕፃናት ሁሉ የእንስሳት ተረት አባት የሆነው ኤዞፕ ባሪያ ነበረ፤ እኛ ደግሞ ከባርነት ወጥታ የሕዝቧን ተረት ለልጆች ንባብ ያቆየች እናት አለችን። የተሸጠ ሕፃን አገሩን፣ ወላጆቹን፣ ብዙ ጊዜም ስሙን ጭምር ይነጠቃል፤ ከእናት ጉያ የሰማው ተረት ግን ማንም ነጋዴ ሊፈታበት የማይችል ስንቅ ሆኖ አብሮት ይሄዳል። አስቴር ይህን ስንቅ ለብቻቸው አላስቀሩትም፤ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1904 ከኦኔሲሞስ ጋር ወደ ወለጋ ተመልሰው፣ በነቀምቴ ትምህርት ቤት ከፍተው፣ ለልጆች ሲያስተምሩ ኖሩ።

በዚያው በምንኩሉ ከእኛው ከቤጌምድር፣ ከይፋግ የሄዱ አንድ ሰው ያስተምሩ ነበር፤ አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ናቸው። በ1889 ዓ.ም. በዚያ የታተመው መጽሐፈ ሰዋስዋቸው አማርኛን በሥርዐት ለማስተማር ከተጻፉት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ሲሆን፣ እርሳቸውም በኋላ እስከ በርሊን ሄደው አማርኛ አስተምረዋል። እንግዲህ ለአንድ ዘመን ያህል የኦሮምኛው ተረትና የአማርኛው ሰዋስው በአንድ ማተሚያ፣ በአንድ ቅጥር ግቢ ሲዘጋጁ ነበር።

የእንስሳትን ተረት ወደ መድረክ ያወጡት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው፣ በዚያ በጦር ትምህርት አድገው፣ የተመለሱት እኒህ መኰንን፣ የፈረንሳዩን የላ ፎንቴንን ተረቶች መሠረት አድርገው ፋቡላ የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለውን፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ተውኔት ተብሎ የሚጠራውን ሥራ ጻፉ። አውሬዎቹ የሹማምንቱን ጉድለት የሚናገሩ መሆናቸው ስለ ታወቀ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ጸሐፊውም ኋላ በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው።

የላ ፎንቴንና የኤዞፕ መንገድ ለሕፃናት በእውነት የተከፈተው ግን በክቡር ከበደ ሚካኤል ነው። በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በገሪም ገብርኤል የተወለዱት እኒህ ባለ ቅኔ፣ በፈረንሳይኛ ትምህርት ያደጉ፣ በአውሮጳም መጻሕፍት ፍቅር የተያዙ ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ተባሮ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ፣ መምህራን ተቀጠሩ፣ ልጆችም ተሰበሰቡ፤ የአማርኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ግን በበቂ አልነበረም። የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ የገባው በዚህ ክፍት ቦታ ነው። ግጥሞቹ በቤት መምቻቸው የተስተካከሉ፣ በመስመራቸው የማይሰናከሉ፣ ለቃል ጥናት የሚመቹ ስለ ነበሩ፣ ልጁ በክፍል ያነበበውን እቤት እሳት ዳር ተቀምጦ በቃሉ ይደግመው ነበር፤ ማንበብ የማይችሉት ወላጆቹም እየሰሙ ያጠኑት ነበር። በዚህ አኳኋን አንድ የትምህርት ቤት መጽሐፍ የቤተሰብ ሁሉ መጽሐፍ ሆነ።

ከበደ ሚካኤል ስለ ሕፃናት የተረዱት ነገር ይህ ይመስለኛል። የቅኔው ሊቅ ወርቁን ይሰውራል፤ ሰሚውም ፈልጎ ሲያገኘው ይደሰታል። ሕፃን ግን ለፍለጋው ገና አልደረሰም፤ ታዲያ ወርቁን ከላይ አስቀምጦ ቢሰጡት ምክር ብቻ ይሆንበትና ይሰለቻል። ከበደ ሚካኤል ተረቱን አስቀድመው፣ ለራሱ ደስ እንዲል አድርገው ከነገሩ በኋላ፣ ምክሩን በመጨረሻ በጥቂት ስንኞች በግልጥ ያወጡታል። አንዳንድ ጊዜ ምክሩ ረዝሞ ተረቱን እንደሚጫነው አልክድም፤ ቢሆንም በእርሳቸው ግጥም ማንበብ የለመዱት ተማሪዎች በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየፍርድ ቤቱ፣ በየደብሩም ሽማግሌዎች ከሆኑ በኋላ ስንኞቹን ሳይረሱ መቅረታቸው ከሂስ ሁሉ የሚበልጥ ምስክር ነው። ታላላቅ ሰዎች በተባለው መጽሐፋቸውም የዓለምን ታላላቅ ሰዎች ሕይወት ለወጣት አንባቢ አቅርበዋል፤ ሮሜዎና ዡልየትንም በአማርኛ ሰጥተውናል። ይህን ሁሉ ሲጽፉ ኑሯቸው በመንግሥት ሥራ ነበር፤ በትምህርትና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች፣ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትም አገልግለዋል። በ1991 ዓ.ም. ዐረፉ።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በዓለም የታወቁት በፍቅር እስከ መቃብር ነው፤ ከዚያ መጽሐፍ ዐሥር ዓመት አስቀድሞ ግን፣ በ1948 ዓ.ም.፣ ተረት ተረት የመሠረት የተባለውን የተረት መጽሐፍ አሳትመው ነበር። በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት፣ በደብረ ኤልያስና በዲማ ቅኔ የቆጠሩት ሐዲስ፣ በጦርነቱ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተማርከው በኢጣልያ ደሴቶች ታስረው ኖሩ፤ ከነጻነትም በኋላ በኢየሩሳሌምና በዋሽንግተን አገራቸውን ወክለው ሠሩ። ከአገር ርቆ የኖረ ሰው ወደ ልጅነቱ ተረት መመለሱ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው፣ ይህን የተረት ሥራ ከታላቁ ልብ ወለዳቸው ጋር አያይዞ የሚያነብ ሰው ማነሱ ነው፤ የፍቅር እስከ መቃብር የትረካ ፈሳሽነት፣ ነገርን በነገር እያስከተለ አንባቢውን እስከ መጨረሻው ይዞ የመሄድ ኀይሉ፣ ከአውሮጳ ልብ ወለድ ብቻ የተገኘ ሳይሆን ከጎጃም የምሽት ተረትም የተወረሰ መሆኑን ለማየት ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማንበብ ይበቃል።

በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ተራኪው በዓይን የሚታይበት ዘመን መጣ። አባባ ተስፋዬ፣ በመዝገብ ስማቸው ተስፋዬ ሳህሉ፣ በ1915 ዓ.ም. በባሌ የተወለዱ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ከቀደሙት ተዋንያን ጋር የሠሩ ሰው ነበሩ። ሴቶች ወደ መድረክ ባልወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ይጫወቱ ነበር፤ ወደ ኮርያ በዘመተው የቃኘው ሻለቃ ዘንድም ሄደው ወታደሮቹን አጫውተዋል። ይህ ሁሉ ልምምድ፣ ድምፅን መለዋወጡ፣ ፊትን በአንድ አፍታ ከአንበሳ ወደ ጦጣ መመለሱ፣ በቴሌቪዥኑ የሕፃናት ዝግጅት ላይ ለመተረክ ሲቀመጡ ጠቀማቸው። በዚያ ወንበር ላይ 42 ዓመት ተቀምጠዋል፤ በዚያ ዘመን ውስጥ አገሪቱ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥትን፣ ደርግንና ኢሕአዴግን አይታለች፤ የሚኒስትሮቹ ስም፣ የቴሌቪዥኑም መዝሙር ሲለወጥ የአባባ ተስፋዬ ሰላምታ አልተለወጠም።

ሥራቸው ከቀደሙት ደራስያን የሚለይበት ነገር አለ። መጽሐፍ ጸሐፊ አንባቢውን አያየውም፤ አባባ ተስፋዬ ግን ልጆችን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ስማቸውን እየጠየቁ፣ ተረት እንዲነግሩ ተራውን እየሰጧቸው ይተርኩ ነበር። አፉን የያዘው ሕፃን እንዳያፍር የሚያደርጉበት ትዕግሥት በትምህርት የሚገኝ አልነበረም። ተረቶቻቸውን በመጻሕፍትም አሳትመዋል፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ ያለው ተረት የድምፃቸውን እኩሌታ አይዝም። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ሀዘኑ የአንድ ቤተሰብ ብቻ አልነበረም፤ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ሦስት ትውልድ በአንድነት አባቱን ያጣ መሰለው።

ለሕፃናት መጻፍ እስከ ዛሬ ለምን ኑሮ ሊሆን እንዳልቻለ ምክንያቱ ስውር አይደለም። የሕፃን መጽሐፍ ሥዕል ይፈልጋል፣ ሥዕሉም ቀለም፣ ቀለሙም ጥሩ ወረቀት፤ ጽሑፉ አጭር ሆኖ ሳለ የማሳተሚያው ወጪ ከረዥሙ ልብ ወለድ ሊበልጥ ይችላል። የሚያነበው ልጅ ገንዘብ የለውም፤ ገዢው ወላጅ ወይም ትምህርት ቤት ነው፤ የገጠር ወላጅ ደግሞ ከደብተርና ከእስክርቢቶ የተረፈውን ብር ለተረት መጽሐፍ ማውጣት ይከብደዋል። በደርግ ዘመን የኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መጻሕፍትና ከሞስኮ በአማርኛ ታትመው ይመጡ የነበሩት ባለ ሥዕል የሕፃናት መጻሕፍት በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጡ ስለ ነበር፣ በዚያ ዘመን ያደገ ብዙ ሰው የመጀመሪያ የቀለም ሥዕሉን ያየው በእነርሱ ላይ ነው። የዋጋው ድጎማ ሲቀር ያ በር ጠበበ።

በኋላ የመጡት ሰዎች የጻፉትን መጽሐፍ ወደ ልጁ የማድረሱንም ሥራ አብረው ተሸከሙ። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ተሰደው በአሜሪካ ሳሉ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ሲሠሩ፣ የብዙ አገር ልጆች በቋንቋቸው የተጻፈ መጽሐፍ ሲያገኙ የኢትዮጵያ ልጅ እንደማያገኝ አዩ፤ ስለዚህ የሞኙን የማሞን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ባለ ሥዕል አድርገው አሳተሙ፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፣ በአዋሳም አህያ የሚስበው ጋሪ መጻሕፍት ጭኖ ወደ ልጆች እንዲሄድ አደረጉ። መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ደግሞ ጸሐይ መማር ትወዳለች በተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅት፣ በአንዲት የቀጭኔ አሻንጉሊት አማካይነት፣ ሕፃናት ንባብንና ጤና አጠባበቅን እንዲማሩ አደረጉ፤ ሥራውም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2008 የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ካደረገ ወዲህ፣ ለልጆች የሚጽፍ ሰው በየክልሉና በየቋንቋው ተፈላጊ ሆኗል። የእስቴ ልጅ በቤቱ የሚሰማው ተረትና በትምህርት ቤት የሚያነበው መጽሐፍ በአንድ ቋንቋ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የጸሐፊ ክፍተት ብቻ ነው። አስቴር ጋኖ ከአገራቸው ርቀው በትዝታ የለቀሙትን የመሰለ ሀብት፣ የመካነ ኢየሱስ፣ የንፋስ መውጫና የወገዳ መምህራን ከተማሪዎቻቸው አያቶች አፍ፣ የተራኪውን ስምና መንደር ከተረቱ በላይ እያሰፈሩ፣ በቀጥታ ሊጽፉት ይችላሉ፤ ተራኪዎቹ በሕይወት አሉና።